ከሕክምና ክፍል እስከ አደባባይ፦ ሳይኮአናሊስቶች በማኅበራዊ ትግል ውስጥ

ጥልቅ ሥነ ልቦና፣ ሰው ከሚያውቀው ሐሳቡና ስሜቱ ሥር ራሱ የማያውቀው፣ ግን ዘወትር የሚነዳው ሌላ የአእምሮ ሕይወት አለው ብሎ የሚነሣ የዕውቀት ዘርፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በመካከለኛው አውሮፓ የተወለደ ሲሆን፣ ሦስቱ ታላላቅ ስሞቹ ሲግመንድ ፍሮይድ፣ አልፍሬድ አድለርና ካርል ጉስታቭ ዩንግ ናቸው። ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በተዘጋ ክፍል ነው። ታካሚው በሳምንት ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ሕልሙን፣ ፍርሃቱን፣ የልጅነት ትዝታውንና በሐሳቡ የመጣለትን ሁሉ ይናገራል፤ ሐኪሙ (በፍሮይድ መንገድ፣ ማለትም በሳይኮአናሊሲስ፣ የሠለጠነው ሳይኮአናሊስት ይባላል) ያዳምጣል፣ አልፎ አልፎም የሰማውን ይፈታለታል። ሕክምናው ረጅምና ውድ በመሆኑ ገንዘብና ጊዜ ለተረፋቸው ሰዎች ነው የሚል ወቀሳ ከልደቱ ጀምሮ ተከትሎታል። ሆኖም ከዚያው ከተዘጋ ክፍል ወጥተው ድህነትን፣ ዘረኝነትን፣ ቅኝ አገዛዝንና አምባገነንነትን የተጋፈጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ታሪካቸው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቢሆንም በሙያው መማሪያ መጻሕፍት የተሰጠው ቦታ ከሚገባው በእጅጉ ያንሳል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከሦስቱ ቀድሞ ሕመምን ከኑሮ ጋር ያያያዘው አድለር ነው። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለ በ1898 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ ልብስ ሰፊዎች ጤና ሲሆን፣ ሠራተኛውን የሚያሳምመው የሥራው ሁኔታ መሆኑን ያስረዳ ነበር። ከፍሮይድ ከተለየ በኋላም በ1920ዎቹ ሶሻሊስቶች ያስተዳድሯት በነበረችው ቪዬና በርካታ የሕፃናት ምክር ጣቢያዎች እንዲከፈቱ አድርጓል። በጣቢያዎቹ ወላጅ፣ መምህርና ሐኪም አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጁ ይመካከሩ ነበር።

ፍሮይድ ራሱ የፖለቲካ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሴፕቴምበር 1918 ቡዳፔስት ላይ ለባልደረቦቹ ያደረገው ንግግር የአንድን ትውልድ ሐኪሞች መንገድ ቀይሯል። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሆስፒታሎች በጦር ሜዳ ባዩት ነገር በሚንቀጠቀጡና አንደበታቸው በተዘጋ ወታደሮች ተሞልተው ነበር። ፍሮይድ በንግግሩ ድሃ በቀዶ ሕክምና ሕይወቱን የማትረፍ መብት እንዳለው ሁሉ ለአእምሮውም እርዳታ የማግኘት መብት እንዳለው ገለጸ። የአእምሮ ሕመም ከሳንባ ነቀርሳ ባልተናነሰ የሕዝብ ጤና ጠንቅ መሆኑንና አንድ ቀን መንግሥታት ነፃ የሕክምና ጣቢያ ማቋቋማቸው እንደማይቀር ተናገረ። እስከዚያው ድረስ ግን ሥራውን የግል በጎ አድራጎት ሊጀምረው ይገባል አለ።

ሥራው ለመጀመር ሁለት ዓመት እንኳ አልፈጀም። በፌብሩዋሪ 1920 ማክስ አይቲንጎን ከራሱ ኪስ ገንዘብ አውጥቶ፣ ከኤርንስት ዚመል ጋር በበርሊን ነፃ ክሊኒክ ከፈተ፤ ክፍሎቹን ያዘጋጀው አርክቴክት የፍሮይድ ልጅ ኤርንስት ነበር። ታካሚው የሚከፍለው የቻለውን ነው፤ ያልቻለ ምንም አይከፍልም። ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሥራ አጥ፣ አስተማሪ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሶፋ ላይ ተጋደሙ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 1,955 ሰዎች ለምክክር ሲቀርቡ 721ዱ ሙሉ ሕክምና ጀምረዋል። በ1922 የቪዬና ሐኪሞች ተመሳሳይ ክሊኒክ ከፈቱ። የሚሠሩት በሌላ ሕክምና ክፍል ውስጥ በተረፈው ሰዓት ስለነበር፣ ታካሚው የሚጋደመው በልብ ሕሙማን መመርመሪያ አልጋ ላይ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የሳይኮአናሊሲስ ማሠልጠኛዎች የሚከተሉት ሥርዓት፣ ማለትም ሠልጣኙ ራሱ ታክሞ፣ ትምህርት ተከታትሎና በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር አክሞ እንዲመረቅ የሚያደርገው፣ መልክ የያዘው በዚያው ለድሆች በተከፈተው የበርሊን ክሊኒክ ነው። ሙያው ዛሬ የሚኮራበትን ሥልጠና ያገኘው ገንዘብ ከሌላቸው ታካሚዎች መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ከቪዬና ክሊኒክ ሐኪሞች ነገሩን ወደ ጫፍ የገፋው ቪልሄልም ራይኽ ነው። ራይኽ በየቀኑ የሚያክማቸው ሠራተኞች ጭንቀታቸው የሚመነጨው ከልጅነት ትዝታ ብቻ እንዳልሆነ አየ። አሥር ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ቤት፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ ሥራ ማጣትም ከሕመሙ ሥሮች መካከል ነበሩ። ስለዚህ በየሠፈሩ እየዞረ ስለ ወሲብና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ማስተማር ጀመረ። በ1933 ደግሞ ተራው ሕዝብ ለምን የራሱን ጥቅም የሚጻረር ፋሺስት ይከተላል የሚለውን ጥያቄ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። ውጤቱ መራራ ነበር፤ አባል የነበረበት ኮሚኒስት ፓርቲ በ1933፣ ዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር በ1934 አባረሩት። ፓርቲው ያለቅጥ ፍሮይዳዊ ነው ሲለው ማኅበሩ ያለቅጥ ኮሚኒስት ነው አለው። በኋለኛው ዕድሜው ሳይንስ ወደማይቀበለው መንገድ ቢገባም በእነዚያ ዓመታት ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ምላሽ የሚሻ ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የፍሮይድ መጻሕፍት በሜይ 1933 በበርሊን አደባባይ ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ በሙያው የሆነው ግን ከመጻሕፍት መቃጠል የባሰ ነው። የጀርመን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ሕልውናውን ለማትረፍ በ1935 አይሁድ አባላቱ እንዲለቁ አደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት የሄርማን ጎሪንግ ዘመድ በሚመራው የናዚ ተቋም ውስጥ ተጠቃለለ። ዩንግም በ1933 በጀርመን የነበረውን የሥነ ልቦና ሕክምና ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተቀብሎ፣ በቀጣዩ ዓመት የአይሁድንና የአርያንን ሥነ ልቦና ለይቶ መጻፉ እስከ ዛሬ ተከታዮቹን ያሳፍራል። የተለየ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ኤዲት ያኮብሶን ከፀረ ናዚ ቡድን ጋር ስትሠራ በ1935 ታሠረች፤ በ1938 አምልጣ አሜሪካ ገባች። የዚያው የናዚ ተቋም የተመላላሽ ሕክምና ኃላፊ የነበረው ዮን ሪትማይስተር ደግሞ በድብቅ የፀረ ናዚ እንቅስቃሴ አባል ሆኖ ሲሠራ ተይዞ በሜይ 1943 ተገደለ። የቪዬናው ነፃ ክሊኒክ በ1938 ተዘጋ። አብዛኞቹ ሐኪሞች ወደ ለንደን፣ ኒው ዮርክና ቡዌኖስ አይረስ ተሰደዱ። ስደተኛ በሰው አገር ቀና ብሎ መሄድ አይቀናውምና ብዙዎቹ የቀድሞ ፖለቲካቸውን ሳያነሡ የግል ክሊኒክ ከፍተው ኖሩ። ሙያው ገለልተኛ ነው የሚለው አቋም ከመርሕ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከዚህ ፍርሃት የወረሰውም አለ።

ያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ክሊኒክ ተከፈተ። በማርች 1946 ጀርመን ተወላጁ የአእምሮ ሐኪም ፍሬድሪክ ወርታም በደራሲው ሪቻርድ ራይት እገዛ፣ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሠፈር በሐርለም፣ በቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የላፋርግን ክሊኒክ መሠረተ። ክሊኒኩ በሳምንት ሁለት ምሽት ይሠራል፤ ክፍያው 25 ሳንቲም ነበር፣ የሌለው አይከፍልም፤ ሐኪሞቹም ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ሆስፒታሎች ጥቁር ታካሚን በሚገፉበት ዘመን የሐርለም ነዋሪ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው አገኘ። ክሊኒኩ በማዳመጥ ብቻ አልተወሰነም። በ1951 ሐኪሞቹ ከደላዌር ግዛት የመጡ ጥቁርና ነጭ ልጆችን ከመረመሩ በኋላ፣ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ወርታም በፍርድ ቤት መሰከረ። ዳኛው ጥቁር ልጆቹ በነጮቹ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ፈረደ፤ ጉዳዩም በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤት መድልዎን ከሻረባቸው መዝገቦች አንዱ ሆነ። በሕክምና ክፍል የተሰማ ነገር በቀጥታ ሕግ ሲለውጥ የታየባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸውና ይህ ጎልቶ ሊነገር ይገባል።

በአፍሪካ ምድር ይህን መንገድ ከማንም አርቆ የሄደው ፍራንዝ ፋኖን ነው። በ1925 በማርቲኒክ ደሴት የተወለደው ፋኖን የሠለጠነው በአእምሮ ሕክምና እንጂ በሳይኮአናሊስትነት አይደለም፤ ሆኖም ፍሮይድን፣ አድለርንና ዩንግን ጠንቅቆ አንብቦ በ1952 ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ዘረኝነት በጥቁር ሰው ውስጠ ነፍስ ላይ የሚያደርገውን አሳይቷል። ከዚያም በደቡብ ፈረንሳይ በሳን ታልባን ሆስፒታል፣ ከስፔን የተሰደደው ፍራንሷ ቶስኬል ዘንድ ሠራ። የቶስኬል ትምህርት ታካሚን ለማዳን መጀመሪያ ሆስፒታሉን ራሱን ማከም ያስፈልጋል የሚል ነበር።

ፋኖን በ1953 መጨረሻ አልጄሪያ ውስጥ ብሊዳ ሆስፒታል ሲመደብ ይህንኑ ሊሠራበት ሞከረ። በእሱ ሥር የነበሩት የአውሮፓውያን ሴቶችና የሙስሊም ወንዶች ክፍሎች ናቸው። በሴቶቹ ክፍል የተጀመሩት የጋዜጣ ዝግጅት፣ የፊልም ምሽት፣ የእጅ ሥራና የበዓል ዝግጅት በአጭር ጊዜ በክፍሉ ሕይወት ዘሩበት። በወንዶቹ ክፍል ግን ያው ሥራ ከሸፈ፤ ታካሚዎቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። ፋኖንና ረዳቱ ዣክ አዙሌ ስለዚህ ውድቀት በ1954 የጻፉት ጽሑፍ በሙያው ታሪክ ከታዩ ሐቀኛ ጽሑፎች አንዱ ነው። ጥፋቱን በታካሚው አላላከኩም። የአውሮፓን ልማድ በሙስሊም ገበሬ ላይ ጭነናል፤ ቋንቋውን ስለማናውቅ በአስተርጓሚ እናነጋግረዋለን፤ አስተርጓሚ ደግሞ ለእሱ የሚያስታውሰው ፍርድ ቤትንና ፖሊስን ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በሆስፒታሉ ውስጥ የአገሬው ዓይነት ቡና ቤት ተከፈተ፣ የእስልምና በዓላት ተከበሩ፣ ተረት ነጋሪ እየመጣ ማውራት ጀመረ፤ ክፍሉም ተነቃቃ።

በኖቬምበር 1954 የነፃነት ጦርነቱ ሲጀመር ፋኖን የተገረፉትንም ገራፊዎቹንም ያክም ነበር። በኋላ ካሳተማቸው የታካሚ ታሪኮች መካከል የአንድ አውሮፓዊ መርማሪ ፖሊስ ታሪክ አለ። ሰውየው ቀን ሲያሠቃይ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል። ለሕክምና የመጣው ግን ሥራውን ለመተው አስቦ አልነበረም፤ ሳይረበሽ ማሠቃየቱን እንዲቀጥል እንዲረዱት ነበር የጠየቀው። ሕክምና ማለት ሰውን ካለበት ሁኔታ ጋር ማስማማት ነው የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚያፈርስ ምሳሌ አይገኝም። ፋኖን በ1956 ሥራውን ሲለቅ በጻፈው ደብዳቤም የአእምሮ ሕክምና ግብ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ባይተዋር እንዳይሆን ማድረግ ከሆነ፣ አልጄሪያዊው ግን በገዛ አገሩ ባይተዋር በተደረገበት ሥርዓት ውስጥ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም ሲል ተከራከረ። ወዲያው ከአገር ተባረረ። በቱኒስ ቀን ታክመው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሕሙማንን እያከመ ለአልጄሪያ የነፃነት ግንባር ጋዜጣ ይጽፍ ነበር። በ1960 በጋና የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት አምባሳደር ሆኖ በአዲስ አበባ የተካሄደውን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ ጉባኤዎች ተገኝቷል። በዲሴምበር 1961 በደም ካንሰር ሲሞት ዕድሜው 36 ብቻ ነበር። የብሊዳ ሆስፒታል ዛሬ በስሙ ይጠራል። የአመፅን ሚና አስመልክቶ የጻፈው አከራካሪ ሆኖ ቀጥሏል፤ በብሊዳ የሠራው ግን ለማንም የአፍሪካ ሐኪም መማሪያ የሚሆን ነው።

ሙሉ ሥልጠና ካላቸው ሳይኮአናሊስቶች መካከል የሙያንና የትግልን ሕይወት አንድ ላይ ለመኖር ረጅሙን ትግል ያደረገችው ማሪ ላንገር ናት። በ1910 በቪዬና ተወልዳ በሕክምና ተመረቀች፣ ኮሚኒስት ፓርቲም ገባች። በ1934 በኦስትሪያ ፓርቲዎች ሲታገዱ የቪዬናው የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር አባላቱ በሕገ ወጥ ፖለቲካ እንዳይሳተፉ ወሰነ፤ ላንገር ግን ተሳትፎዋን ቀጠለች፣ ለአጭር ጊዜም ታሠረች። በ1936 ከቀዶ ሐኪም ባለቤቷ ጋር ወደ ስፔን ሄዳ የሪፐብሊኩን ቁስለኞች አከመች። ከዚያ በኡራጓይ በኩል ቡዌኖስ አይረስ ደርሳ በ1942 የአርጀንቲናን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ፖለቲካዋን ወደ ጎን አድርጋ የተከበረች ሐኪም ሆና ኖረች። በ1969 ኮርዶባ ላይ የሠራተኞችና የተማሪዎች አመፅ ሲነሣ ግን የተኛው ነቃ። በ1971 ዓለም አቀፉ ማኅበር ከናዚ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቪዬና ሲሰበሰብ፣ ላንገር ከዚያችው ከተማ የተሰደዱት ሐኪሞች ፍሮይድን ይዘው ማርክስን እንደ ጣሉ አስታውሳ፣ የእሷ ትውልድ ግን አንዳቸውንም እንደማይተው ተናገረች። በዚያው ዓመት እሷና በርካታ ባልደረቦቿ ከማኅበሩ ለቅቀው ወጡ፤ ለነርሶች፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞችና ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች በነፃ ማስተማርና በሕዝብ ሆስፒታሎች መሥራት ጀመሩ። በ1974 ከቀኝ ክንፍ ነፍሰ ገዳዮች ዛቻ ሲደርስባት ወደ ሜክሲኮ ተሰደደች፤ ከ1981 ጀምሮም ከሜክሲኮ እየተመላለሰች ኒካራጓ ውስጥ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለማደራጀት ረዳች። በ1987 ወደ ቡዌኖስ አይረስ ተመልሳ በዚያው ዓመት ሞተች።

እሷ በስደት ሳለች አርጀንቲና ውስጥ የቀሩት ባልደረቦቿ የባሰ ፈተና ገጠማቸው። ከ1976 እስከ 1983 የገዛው ወታደራዊ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አፍኖ ሰወረ፤ ከእነሱ መካከል በ1978 የተወሰደችው የቡዌኖስ አይረስ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ቤያትሪስ ፔሮሲዮ ትገኛለች። ዲያና ኮርዶንና ሉሲላ ኤደልማን ያሉበት ቡድን ግን ልጆቻቸው የተሰወሩባቸውን የፕላዛ ዴ ማዮ እናቶች አጅቦ ቆመ። ቡድኑ ያስተዋለው ነገር ለሙያው አዲስ ነበር። አስከሬን ሳይገኝ፣ አሟሟቱ ሳይታወቅ፣ ገዳዩ ሳይጠየቅ ሐዘን አያልቅም። መንግሥት እናትየውን ልጅሽ ሞቷል በቃ እርሽው ሲላት፣ ለመቀበል እምቢ ማለቷ የአእምሮ መታወክ ሳይሆን ጤንነት ነው። በየሳምንቱ አደባባይ ወጥቶ ከሌሎች እናቶች ጋር መዞሩ ራሱ መድኃኒት ነበር። ይህ ሐዘን በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን አጥተው እርም ሳያወጡ፣ አልቅሱ ሳይባሉ የቀሩ ወላጆች ያውቁታል። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ እውነተኛ ክርም አለ። በአርጀንቲና የተሰወሩትን ሰዎች አጥንት ለመለየት የተቋቋመው የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በ1990ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቀይ ሽብርን ወንጀሎች ይመረምር ለነበረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በአስከሬን ማውጣትና መለየት ሥራ ረድቷል።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ ሐኪሞች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ሳይኮአናሊስት ስለ ራሱ የማይናገረው ታካሚው በእሱ ላይ የልጅነቱን ፍቅርና ቁጣ ሁሉ በነፃነት እንዲያሳርፍ ነው። ሐኪሙ የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቅ ታካሚ ወይ ሊያስደስተው ይናገራል፣ ወይ ይደብቀዋል። የብሪታንያዋ ሐና ሴጋል፣ እሷም ጥብቅ ባህላዊ ሳይኮአናሊስት፣ ለዚህ የሰጠችው መልስ ግልጽ ነው። በ1983 የኑክሌር ጦርነትን የሚቃወም የሳይኮአናሊስቶች ስብስብ ከመሠረቱት አንዷ ስትሆን፣ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ገለልተኛ መሆን ተገቢ ቢሆንም ከክፍሉ ውጭ ዜጋ ሆኖ ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር መሆኑን አጥብቃ ተከራከረች። የሰው ልጅ ሊያጠፋው የሚችለውን አደጋ ክዶ መኖሩን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሙያ ዝም ካለ ወንጀል ነው አለች። የዩንግ ተከታይ የሆነው አንድሩ ሳሙኤልስ ደግሞ አንድ እርምጃ ቀጠለ። በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ ታካሚ ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ሐኪሙ ሁልጊዜ ስለ አባትህ ነው የምታወራው ብሎ መተርጎም እንደሌለበት፣ ፖለቲካው ራሱ የሰውየው የነፍስ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ፤ በ1995ም ለማኅበራዊ ኃላፊነት የቆመ የሐኪሞች ማኅበር በማቋቋም ተሳተፈ።

ትልቁ አደጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1964 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ባሪ ጎልድዋተር በአእምሮው ብቁ ነው ወይ ሲል ለ12,356 የአእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ላከ። 1,189ኙ ብቁ አይደለም ብለው መለሱ፤ አንዳንዶቹም ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ ሳያነጋግሩት የልጅነት ሕይወቱን ሳይቀር ተነተኑ። ጎልድዋተር ከስሶ 75,000 ዶላር ካሳ ተፈረደለት፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1973 ያልመረመሩትን ሰው በአደባባይ መመርመር የሚከለክል ደንብ አወጣ። እነዚህ ሐኪሞች የቆሙለት ዓላማ ምንም ይሁን፣ የሠሩት ስድብን በሕክምና ቃል መሸፈን ነው። የሐርለምና የብሊዳ ሐኪሞች ጥንካሬ ከዚህ በተቃራኒው ነበር፤ ከመናገራቸው በፊት ታካሚውን ሰምተዋል፣ የተናገሩትም ስለሰሙት ነው።

ከዚህ ጋር የራስን ቤት መመርመርም አለ። በ2018 የዩንግ ተከታዮች የሆኑ ሐኪሞችና ምሁራን ዩንግ ስለ አፍሪካውያን የጻፋቸው ዝቅ አድራጊ ሐሳቦች ያደረሱትን ጉዳት አምነው፣ ትምህርት ቤቶቻቸው እንዲታረሙ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝ የሙያ መጽሔት አሳተሙ። ፋርሃድ ዳላል የተባለ ባለሙያ ተመሳሳይ ትችት ካቀረበ 30 ዓመት አልፎት ነበር። መዘግየቱ ያስቆጫል፤ ሆኖም ጥቁር ታካሚ በር ላይ ሆኖ ይህ ትምህርት ስለ እኔ ምን ይላል ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ መጀመር ነበረበት።

በዛሬው ጊዜ ፍሮይድ በቡዳፔስት ያነሣው የነፃ ሕክምና ሐሳብ በብዛት በተግባር የሚታየው በብራዚል ነው። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሳኦ ፓውሎና በሌሎች ከተሞች ሳይኮአናሊስቶች በሕዝብ መናፈሻና አደባባይ ወንበር ዘርግተው ያለ ክፍያ ያክማሉ። የሚያክሙትም በቡድን ሆነው ነው፤ ስለዚህ ታካሚው ዳግም ሲመጣ የሚያገኘው ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሶፋውና የተዘጋው በር በሌሉበት ሕክምናው ያው ሕክምና ይሆናል ወይ የሚለው በሐኪሞቹ መካከል አሁንም ያከራክራል። ሌላው ክርክር ስለ ገንዘብ ነው። አንዳንዶቹ ታካሚው ትንሽም ቢሆን ካልከፈለ ሕክምናውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የበርሊን ክሊኒክ የአሥር ዓመት ሥራ ይህን አስተሳሰብ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ማፍረሱን ይጠቅሳሉ።